ቫዮሊን ከማሲንቆ አገር ወደ ዛዬ አገር

በኢትዮጵያ የክላሲካል ቫዮሊን ሙያ ከመነሻው ተጫዋችነትንና መምህርነትን አጣምሮ የመጣ ነው። ፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከእ.ኤ.አ. 1944 እስከ 1948 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር፤ የተጣለበትም ኃላፊነት መጫወት ብቻ ሳይሆን ተጫዋች ማፍራት ጭምር ነበር። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዜማ እያቀናበረ መዘምራንንና ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው አሸናፊ ከበደ የምዕራቡንና የአገሩን ሙዚቃ ተማሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲማሩ መሠረት ጣለ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ቫዮሊንም ማሲንቆም ይሰጣል። ሁለቱ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም በቀስት ይገዘገዛሉ፤ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚነግር ምልክት ስለሌላቸውም ድምፁን የሚያስተካክለው ጆሮ ነው። ልዩነታቸው ማሲንቆ አንድ ክር ሲኖረው ቫዮሊን በሶል፣ በሬ፣ በላና በሚ የሚቃኙ አራት ክሮች ያሉት መሆኑ ነው። ስለዚህ ትዝታንና ባቲን በማሲንቆ ሲሰማ ያደገ ተማሪ ቫዮሊን ሲያነሳ ቀስቱም ሆነ የተለሳለሰው ዜማ ፈጽሞ እንግዳ አይሆኑበትም።

ወደ ወላይታ ሶዶ ሲወረድ ግን መነሻው ይለወጣል። የማሲንቆ ባህል ሥር የሰደደው በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ነው። በወላይታ ጎልተው የሚሰሙት ዛዬና ድንካ፣ ማለትም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፆች ብቻ ይዞ በተራው ይገባል፤ ዜማው የሚሞላው በቅብብል ነው። በጊፋታ በዓል የሚደምቀው ጭፈራም ፈጣንና የጋራ ነው። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ከገባ ወዲህ የተስፋፋው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መዝሙርም መሪና ተቀባይ ያለው የኅብረት ዝማሬ አዳብሯል።

የወላይታ ልጅ ይዞ የሚመጣው ችሎታ እንግዲህ ሌላውን አዳምጦ በሰዓቱ መግባት ነው። ይህም ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ሐሳብ የሚቀባበሉበት የኳርቴት ሙዚቃ የሚጠይቀው ችሎታ ነው። በአዲስ አበባ የተለመደው ከብቸኛ ዜማ የሚነሳ ትምህርት እንዳለ ቢወሰድ ይህ ሀብት ሳይነካ ይቀራል። በሶዶ ተማሪው ቀስት በያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በባዶ ክር እንኳ በቡድን ቢጫወት፣ ዛዬ ነፊውም ለመምህሩ የሙያ ባልደረባ ቢሆን ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ቫዮሊን በዚያ ሙያ ሆኖ የሚጸናው አንድ ድንቅ ብቸኛ ተጫዋች ስለተገኘ ሳይሆን፣ መምህሩ ከአካባቢው የቅብብል ጥበብ ተነስቶ ያስተማረ እንደሆነ ነው።