የማይሰክን ውሃ

ቡና ከመቀዳቱ በፊት ጀበናው ጋደም ብሎ ይሰክናል፤ አተላውም ወደ ታች ይወርዳል። እኔ የምለካው ፈሳሽ ግን አይሰክንም። በአሲድ ውስጥ የሟሟ ቶሪየም አሲዱ እየቀነሰ ሲሄድበት ከውሃው ጋር ይያያዝና ጥቃቅን ቅንጣት ይሠራል። 20 ናኖሜትር የምታህል ቅንጣት የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፏት ስትንሳፈፍ ትኖራለች። ኮሎይድ የምንለው ይህን ነው። ብልቃጡን ወደ መስኮት ቢያነሡት የሚታየው ኩልል ያለ ውሃ ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደሚሟሟ ለማወቅ የድሮው ልማድ ጠጣሩን ውሃ ውስጥ ጨምሮ ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያ አጣርቶ ያለፈውን መለካት ነበር። የተለመደው ማጣሪያ ቀዳዳው 450 ናኖሜትር ነው፤ ኮሎይዱ ሾልኮ ያልፍና «የሟሟ» ተብሎ ይመዘገባል። ለቶሪየምም ሆነ ለፕሉቶኒየም የተመዘገቡት የመሟሟት ቁጥሮች እጅግ የተራራቁበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ጀርመን ካርልስሩኸ ያሉ ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ስልት ከጠጣሩ ሳይሆን ከጠራው ፈሳሽ ይነሣል። የሌዘር ምት በሌንስ ተሰብስቦ እንደ ፀጉር በቀጠነች ቦታ ላይ ያርፋል። ኃይሉ ንጹሕ ውሃን ወደ ፕላዝማ ለመለወጥ እንዳይበቃ ሆኖ የተለካ ነው፤ ቅንጣት እዚያች ቦታ ላይ ከተገኘ ግን ፕላዝማ ብልጭ ይላል፣ ጧ የሚል ድምፅም ይሰማል። ከብዙ ምት ስንቱ እንደበራ እንቆጥራለን። አሲዱን ቀስ በቀስ ስንቀንስ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ ሳይል ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል። የመሟሟት ወሰኑ እዚያ ነው።

ፈተናው አሲዱን መቀነሱ ላይ ነው። ቤዝ ጠብ ሲደረግ ጠብታው ባረፈበት ቦታ አሲዱ ለአፍታ ይጠፋና ቅንጣቱ ያለ ጊዜው ይወለዳል። በአንድ ወቅት በዚህ የተገኘ ቁጥር ሁለት ሳምንት ሙሉ አምኜ ይዤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠብታን ትቼ በኤሌክትሪክ መቀነስን መረጥኩ። በአሉታዊው ጫፍ፣ በካቶዱ ላይ የሃይድሮጅን አዮኖች ወደ ጋዝ እየተለወጡ አሲዱ ቀስ ብሎ፣ በእኩል ይሳሳል።

ይህን ያህል መጠንቀቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ከመሬት በታች ከፈነዳው ቤንሃም የተባለ የኑክሌር ሙከራ የወጣ ፕሉቶኒየም፣ ከኮሎይድ ጋር ተጣብቆ 1.3 ኪሎሜትር ርቆ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ ወደ 24,000 ዓመት ነው፤ የኑክሌር ቆሻሻ የት እንደሚቀበር የሚወስኑ ሰዎች በእኛ ቁጥሮች ላይ ይደገፋሉ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቶሪየሙን ከመንካቴ በፊት ባዶውን ውሃ በሌዘሩ አስመታዋለሁ። ከለመድኩት በላይ ብልጭታ ከታየ ዕቃውን አጥቤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።