«ዙር» ወይስ «ምዕራፍ»?

«ቱር ደ ፍራንስ»ን «የፈረንሳይ ዙር» ማለት ተገቢ ነው። ችግሩ የሚነሣው ያው «ዙር» የዕለቱን ውድድር፣ ማለት ፈረንሳዮች «ኤታፕ» የሚሉትን፣ ጭምር እንዲወክል ሲደረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ከ21ዱ የዕለት ውድድሮች 3ቱን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ፤ የጠቅላላው አሸናፊ ግን ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ነበር። ይህንኑ «የፈረንሳይን ዙር 3 ዙር አሸነፈ» ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢውን ያሳስታል። «ደረጃ»ም አይሻልም፤ «3ኛ ደረጃ» የተወዳዳሪው እንጂ የመንገዱ አይደለም። እኛ «ምዕራፍ»ን እንመርጣለን። «የመጽሐፍ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ቃሉ በግእዝ ማረፊያ ስፍራም ነው፤ «ኤታፕ»ም ቀድሞ በጕዞ ላይ ያለ ጦር አርፎ ስንቅ የሚቀበልበት ቦታ ነበር።