በዋሽንግተን ቤተሰብ ሥዕል ጥላ ውስጥ የቆመው ሰው

ኤድዋርድ ሳቬጅ እ.ኤ.አ. በ1789 ኒው ዮርክ ላይ ጀምሮ በ1796 ፊላደልፊያ ላይ የጨረሰው የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ሥዕል የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአባወራነቱ ያሳያል። ዋሽንግተን የጦር መኮንን ልብሱን እንደለበሰ ከጠረጴዛው በስተግራ ተቀምጧል። ባለቤቱ ማርታ በወዲያኛው በኩል ሆና ገና በመቆርቆር ላይ ባለችው ዋና ከተማ ፕላን ላይ በማራገቢያዋ ትጠቁማለች፤ ሁለት ልጆችም አሉ። ከማርታ ጀርባ፣ በሥዕሉ ቀኝ ዳር፣ የአሽከር ደንብ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ጥላ ውስጥ ቆሟል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይታለፋል፤ ከተነሣም የሚነሣው ማንነቱን ለመገመት ብቻ ነው። በእኔ እምነት ግን የሥዕሉ ቁልፍ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሳቬጅ የሣለው ቤተሰብ የተሳሰረው በውርስ ነው፣ ሰውየውም የዚያው ውርስ ጉዳይ ነው።

ዋሽንግተን ከአብራኩ የተከፈለ ልጅ አልነበረውም። በሥዕሉ የሚታዩት ኤሊኖርና ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ የማርታ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጆን ፓርክ ከስቲስ በ1781፣ ከዮርክታውን ከበባ በኋላ፣ በጦር ሰፈር ወረርሽኝ ሲሞት በዋሽንግተን መኖሪያ በማውንት ቨርነን አደጉ። ታላላቅ እኅቶቻቸው ኤሊዛቤትና ማርታ በሥዕሉ የሉም። ሕጋዊው ክር ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀምራል። የማርታ የመጀመሪያ ባል ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ በ1757 ሳይናዘዝ ሞተ፤ የቨርጂኒያ ሕግም መበለቲቱ ከርስቱ ሲሶውን በሕይወት እስካለች እንድትጠቀምበት ሰጣት። በባርነት የተያዙ ሰዎችም ከዚሁ ሲሶ ተቆጥረው ነበር፤ እሷ ስትሞት ለከስቲስ ወራሾች ይመለሳሉ። በ1759 ያገባት ዋሽንግተን ሊያሠራቸው ይችላል እንጂ ነጻ ሊያወጣቸው ሥልጣን አልነበረውም። በ1799 ከማውንት ቨርነን ባሮች 123ቱ የራሱ ሲሆኑ 153ቱ የዚህ ሲሶ ነበሩ።

የአሽከሩ ማንነት ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ሊ ነው ሲባል ኖሯል፤ ክሪስቶፈር ሺልስ ነው የሚሉም አሉ። ሊን ዋሽንግተን በ1768 በገዛ ገንዘቡ ገዛው፤ በነጻነቱ ጦርነት ዓመታት ከጎኑ አልተለየም፤ በኋላም ጉልበቶቹ ተጎድተው አገልግሎቱን ሲያቆም ሺልስ ተተካ። በዋሽንግተን ኑዛዜ ሊ ወዲያውኑ ነጻ ወጣ፣ በዓመት 30 ዶላርም ተቆረጠለት። ሺልስ በ1799 ለማምለጥ ሲዘጋጅ ተደርሶበት ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጌታው ሲሞት አልጋው አጠገብ ነበር። ነገር ግን ከሲሶው ወገን ስለሆነ ኑዛዜው አልደረሰለትም። ልብሱ አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ዕጣው ሁለት! ሳቬጅ የዋሽንግተንን ፊት አስቀምጦ እያየ አጥንቶታል፤ የአሽከሩን ፊት ግን እጅግ ስላደበዘዘው አንድን ሰው ከነጻነት ወይም ከዕድሜ ልክ ባርነት የሚያገናኘው ልዩነት በሸራው ላይ ሊለይ አልቻለም።

ጥቁር አሽከር ማቆም የአውሮፓ ባላባት ሥዕል የቆየ ወግ ስለሆነ ይህን ያህል ትርጉም አይጫንበት የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ወጉ መኖሩ አያከራክርም። ጆን ትረምቡል በ1780 ለንደን ላይ በሣለው የዋሽንግተን ምስልም ጥምጥም ያሠረ ጥቁር ፈረስ ያዥ አለ፤ ሳቬጅ ራሱም ከ1791 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት እንግሊዝ ቆይቷል። ወጉ የሚያስረዳው ግን አቋቋሙን ብቻ ነው፤ በዚህ ቤት ውስጥ አሽከሩ ለማን እንደሚተላለፍ አያስረዳም። የቤቱ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። ከሲሶው ወገን የሆነችው ኦና ጀጅ ለኤሊዛቤት ልትሰጥ መሆኑን ስትረዳ በ1796፣ ሥዕሉ በተጠናቀቀበት ዓመትና ከተማ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቤት አመለጠች። ስለዚህ ውርሱን ከሥዕሉ ጋር ማንበብ የዛሬ ሰው ፈጠራ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚከብድ ነው፦ ዋሽንግተን ባሮቹን ነጻ አውጥቷል። አዎ፤ ከማርታ ሞት በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዘዘ፣ እሷም ሞቷን ሳትጠብቅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ለቀቀቻቸው። ለዚህ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ኑዛዜው የቆመው የከስቲስ ሲሶ ከሚጀምርበት ድንበር ላይ ነው፤ ከሁለቱ ወገን ተጋብተው የወለዱ ነበሩና ድንበሩ ባልና ሚስትን፣ እናትና ልጅን ከፈለ። የሳቬጅን እጅ ደካማነት የሚያነሡም አሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ አለመተያየታቸው እውነት ነው፣ ከሠዓሊው ጊልበርት ስቱዋርት ጋርም አይወዳደርም። ግን በ1798 ያሳተመው የሥዕሉ ቅጂ በሰፊው ተሸጧል፤ ብዙ አሜሪካዊ የፕሬዚዳንቱን ቤተሰብ ያወቀው በዚህ መልክ ነው።

ማርታ በ1802 ሞተች። የሲሶው ሰዎች ለአራቱ የልጅ ልጆች ተከፋፈሉ፤ ሁለቱ ወራሾች በሥዕሉ ላይ ያሉት ልጆች ናቸው።