ያለ ቃል የተዜመ ጽናት
ስለ «ፓራዳይዝ ሮድ» ፊልም

አውስትራሊያዊው ዲሬክተር ብሩስ ቤሬስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረበው «ፓራዳይዝ ሮድ» ስለ ጦርነት ከተሠሩ ፊልሞች መካከል የሚገባውን ሥፍራ ሳያገኝ የቀረ ሥራ ነው። ድል አድራጊ የጦር ጀግና የሌለው መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የታሪኩ መሠረት እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓን ወራሪ ጦር እጅ ስትወድቅ በመርከብ የሸሹ ሴቶችና ሕፃናት ተይዘው በሱማትራ ደሴት ታጎሩ። ረኀብና ወባ የዕለት ኑሯቸው ሆነ። በዚያ ሥፍራ ሚሲዮናዊቷ ማርጋሬት ድራይበርግና በለንደን ሙዚቃ የተማረችው ኖራ ቻምበርስ ታላላቅ ድርሰቶችን ለአራት የሴት ድምፅ አዘጋጁ። ድራይበርግ ኖታውን የጻፈችው ከትዝታዋ ነበር። በዲሴምበር 27 ቀን 1943 የድቮርዣክ «አዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ ዘገምተኛ ክፍል ያለ ግጥም ተዜመ። እንግሊዝኛና ሆላንድኛ የለያያቸውን ሴቶች ዜማው አንድ አደረጋቸው።

የፊልሙ ከፍተኛ ትዕይንት ይኸው ነው። ዝግጅቱን ለመበተን የሮጡት ጠባቂዎች ዜማውን ሰምተው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ዲሬክተሩ ተአምር አላሳየንም፤ በማግሥቱ ሩዙ አልበዛም፣ ዱላውም አልቀረም። ሙዚቃው ለሴቶቹ መጽናኛ የሆነው ሥቃያቸውን ስላስረሳቸው አይደለም። የራስን ድምፅ መጠበቅ፣ የጎረቤትን ማዳመጥ፣ ተራን መታገሥ የሚጠይቅ የጋራ ሥራ ስለሆነ ነው። ረኀብ እርስ በርስ ያናቆራቸው ሰዎች በዚህ ሥራ እንደገና ሰው ይሆናሉ።

ድክመቱም ሊሸሸግ አይገባም። ጨካኙ ጠባቂ በጫካ ውስጥ ለእስረኛዋ የሚያዜመው ዜማ ዕርቅን ያለ ዋጋው ለመሸመት የተጣደፈ ይመስላል። ከዚህ የከፋው ግን መድኃኒት በስውር በማስገባቷ በእሳት የተቃጠለችው ቻይናዊት ዊንግ ሕይወቷ ሳይነገር ሞቷ ብቻ መታየቱ ነው። ከታሳሪዎቹ ብዙዎቹ እስከ ትናንት ድረስ በቅኝ ግዛት የእስያን ሕዝብ በአሽከርነት ያሠሩ ቤተሰቦች ወገን ነበሩ። ፊልሙ ይህን ቅራኔ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። ቢደፍረው ኖሮ የመዘምራኑ አንድነት ይበልጥ ክብደት ባገኘ ነበር።

ድራይበርግ ነፃነትን ሳታይ እ.ኤ.አ. በ1945 በግዞት ሞተች፤ ከአብረዋት ዘማሪዎችም ብዙዎቹ አልተረፉም። ኖታዎቹ ግን ተርፈው በፊልሙ ውስጥ ይሰማሉ። ጥበብ ለተጨነቀ ሕዝብ ምን ይፈይዳል ብሎ ለሚጠይቅ መምህርም ሆነ አርቲስት፣ ይህ ፊልም ከነጉድለቱ ሊታይና ሊወያዩበት የሚገባ ነው።