የተላጨ ዘንባባ አታድንቁ

በሆኖሉሉ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች የዛፍ ቆራጭ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚለካው በጭነት መኪናው ነው። ጠዋት ባዶውን መጥቶ ከሰዓት በኋላ ቅጠል ጭኖ ከወጣ፣ የቤቱ ባለቤት ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ ይቆጥራል። ዘንባባው ጥቂት ቅጠል ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ዙሪያውን ተላጭቶ ይቆማል። ለዓይን ጽድት ያለ ነው። እኔ ግን በኦዋሁ ደሴት በገንዘብ ከሚገዛ መጥፎ ሥራ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ እያየ ያደገ ሰው፣ ዛፍ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። የኮኮናት ዛፍ ግን የሚያድግበት እምቡጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አናቱ ላይ። ያ ከሞተ ዛፉም አለቀለት። ቅጠል የሚያወጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው፤ ቢደላው በወር አንድ ገደማ። አናቱ ላይ የሚሸከመው 30 ያህል ነው። ቆራጩ በአንድ ጠዋት 15 አረንጓዴ ቅጠል ካወረደበት፣ ለመተካት ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆንም ብዙ ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው፤ ዛፉ ከአሮጌው እየመጠጠ ለአዲሱ ያቀብላል። «ቢጫው ያስጠላል» ተብሎ ሲቆረጥ እጥረቱ ወደ ላይኛው ቅጠል ይወጣል።

ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ቅጠሎቹ ከግንዱ በሚነሱበት ላይ አግድም መስመር በዓይናችሁ አስምሩ። ባለሙያዎቹ በሰዓት ገጽ ላይ ከ9 እስከ 3 ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር ቢገለበጥም መስመሩ ያው ነው። ከዚያ በላይ ያለ አረንጓዴ ቅጠል መነካት የለበትም። የደረቀው፣ የተሰበረው፣ የአበባው ዘንግና ፍሬው ይውረድ። ኮኮናት ከዚያ ከፍታ ወድቆ ሰው ስለሚጎዳ ፍሬ ማውረድ ቅንጦት አይደለም። «ማዕበል ሲመጣ ነፋስ እንዳይዘው ይሳሳ» የሚላችሁን ግን አትስሙት። የዘንባባ ቅጠል ለነፋስ እየታጠፈ ያሳልፋል፤ ዙሪያውን ያሉት ቅጠሎችም ለእምቡጡ መከታ ናቸው።

ቀጥሎ ወደ ግንዱ ቅረቡ። ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ወደ ላይ የሚወጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካያችሁ፣ ሰውዬው ጫማው ላይ ሹል ብረት አስሮ ነው የወጣው። ዘንባባ ቁስሉን በአዲስ እንጨት የሚሸፍንበት መላ የለውም። ቀዳዳው ዛፉ እስካለ ይኖራል፤ በሽታም ይገባበታል። ያ ብረት የሚፈቀደው ሊወገድ በተወሰነበት ዛፍ ላይ ብቻ ነው። በመሰላል፣ በገመድ ወይም በባለ ቅርጫት ክሬን መውጣት ይቻላል፤ ዋጋው ከፍ ቢል አያስገርምም።

ማንጎና አቮካዶ ላይ መመዘኛው ሌላ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እብጥ ያለ አንገት አለ። መጋዙ ከአንገቱ ወዲህ ገብቶ ግንዱን መላጨት የለበትም፤ ርቆ ሄዶም ጉቶ መተው የለበትም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ሰንጥቆ እንዳሳየው፣ ዛፍ ቁስሉን አጥሮ ያገልለዋል እንጂ እንደ ሥጋ አይድንለትም። የአጥሩ መነሻ ያለው እዚያ አንገት ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሄዳችሁ ብታዩት፣ በትክክል የተቆረጠው ዙሪያውን እኩል የሆነ ክብ ከንፈር አውጥቷል፤ ከአንገቱ ጋር የተላጨው ግን በግራና በቀኝ ብቻ ይወፍራል። ቁርጡን ጥቁር ቀለም ቀብቶ የሚኮራም አለ። ቀለሙ መበስበስን አይከላከልም፤ የሚሸፍነው አቆራረጡን ነው። የዛፉን አናት በአግድም መቁረጥን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

ከመቁረጥ ይልቅ መታገስ የሚጠይቅ ሥራም አለ። በማዊ ደሴት ላሃይና ውስጥ በ1873 የተተከለውና የዋርካ ዘመድ የሆነው ትልቁ ባንያን በነሐሴ 2023ቱ ቃጠሎ ክፉኛ ተለብልቦ ነበር። የዛፍ ባለሙያዎቹ ወዲያው መጋዝ አላነሱም። ውኃና ብስባሽ ለአፈሩ ሰጥተው የትኛው ክፍል ሕይወት እንዳለው ጠበቁ። በሳምንታት ውስጥ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ፤ የሞተው ክፍል የተወገደው ከዚያ በኋላ ነው።

ወረቀት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የሃዋይ የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ ቁጥሩንና ኢንሹራንሱን አረጋግጡ። ከዚያ የዋጋ ማቅረቢያውን አንብቡ። «ዛፎች ማጽዳት» ብቻ ከሆነ የጻፈው ተጠራጠሩት። የትኛው ዛፍ፣ ምኑ እንደሚወርድ፣ በምን እንደሚወጣ የጻፈ ሰው ዛፉን አይቶታል።

የተቆረጠው የት እንደሚሄድም ጠይቁ። ኮኮናት የሚያጠቃው ባለ ቀንድ ጢንዚዛ ኦዋሁ ላይ የተገኘው በ2013 ነው፤ የሚራባውም በሚበሰብስ የቅጠልና የእንጨት ክምር ውስጥ ነው። «ጓሮ ጥግ ላይ እንከምርልህ፣ ብስባሽ ይሆንልሃል» የሚል ቆራጭ ለጢንዚዛው ቤት እየሠራለት ነው። ጢንዚዛው እምቡጡን የሚቦረቡረው ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳለ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ሲዘረጋ ሁለቱም ጎን በመቀስ ሦስት ማዕዘን ተደርጎ የተቆረጠ ይመስላል። አናቱ ድረስ ወጥቶ ያንን ቁርጥ አይቶ ሳይነግራችሁ የወረደ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥሩ።