የ«ጭሰኛዋ» ፊት

የሠዓሊዋን የኤልሳቤጥ ካትሌትን «ጭሰኛዋ» የተሰኘ ህትመት በቅጡ ለማየት ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። ከሩቅ የምትታየው ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች፣ ጸጉሯ የሸበተ አንዲት ጥቁር ሴት ናት። ጠጋ ሲሉ ግን ፊቷ በሙሉ በስለት የተጫረ መሆኑ ይታያል። ጉንጯ ላይ ያሉት ጭረቶች የአጥንቱን ቅርጽ ተከትለው ይታጠፋሉ፤ አንገቷ ላይ ደግሞ ጅማቷን አጉልተው ያወጡታል። በከንቱ የተሰመረ መስመር አይታይም።

ሥራው የሊኖሊየም ህትመት ነው። ሊኖሊየም ለወለል ንጣፍ የሚውል ርካሽ ነገር ነው። ሠዓሊዋ በመቅረጫ ፍቃ ያነሳችው ቦታ ቀለም ስለማይነካው ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሳትነካ የተወችው ይጠቁራል። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታተም ግራውን በቀኝ እያሰቡ መቅረጽ ግድ ነው። እርሳስ ቢሳሳት በላጲስ ይጠፋል፤ የተፋቀ ሊኖሊየም ግን መመለሻ የለውም። እንግዲህ ያ በፀሐይ የከረመ ቆዳ፣ ያ ሽበት፣ ያ የባርኔጣ ጉንጉን ሁሉ የወጣው ከጥቁሩ ላይ እየቀነሱ ብርሃኑን በማውጣት ነው።

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ፣ መሬት ያልነበራቸው ብዙ ጥቁሮች ጭሰኛ ሆነው የባለመሬቱን ማሳ እያረሱ ምርቱን ይካፈሉ ነበር። ዘርና መሣሪያ በዱቤ ስለሚወስዱ ዓመቱ ሲያልቅ ድርሻቸውን ዕዳ ይበላው ነበር። ካትሌት ይህን ሁሉ የተናገረችው በሴትዮዋ ኮት ነው። ኮቱ አንገቷ ሥር የተያያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው። ቀራጯ ያቺን ትንሽ ብረት ለፊቱ በሰጠችው ትጋት ቀርጻታለች። መርፌ ቁልፏ ድህነትን ትመሰክራለች፤ ሴትዮዋ ግን ራሷን ሰብስባ እንደቆመችም ትመሰክራለች።

አቀማመጡም ታስቦበታል። ሴትዮዋን የምናያት ከዝቅታ ቀና ብለን ነው። እሷ ግን ወደ እኛ አታይም፤ ዓይኗ ራቅ ያለ ነገር ላይ ነው። የዘመኑ ማስታወቂያና ፊልም ጥቁር ሴትን ሣቂታ ገረድ አድርጎ ማቅረብ ልማዱ ነበር። ይህ ፊት አይስቅም፤ እዘኑልኝም አይልም።

ካትሌት እ.ኤ.አ. በ1915 ዋሽንግተን ስትወለድ አያቶቿ ባርነትን የቀመሱ ነበሩ። ፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥቁር በመሆኗ አልቀበልም ስላላት የተማረችው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1946 ሜክሲኮ ሄዳ ታዬር ዴ ግራፊካ ፖፑላር ከተባለው የህትመት ማኅበር ጋር መሥራት ጀመረች። እዚያ ሠዓሊያን በሊኖሊየም እየቀረጹ ለሕዝብ የሚበተን ርካሽ ፖስተርና በራሪ ወረቀት ያትሙ ነበር። «ጭሰኛዋ»ን የቀረጸችው በ1952 ነው። በ1962 የሜክሲኮ ዜግነት ስትወስድ የትውልድ አገሯ «የማትፈለግ የውጭ ዜጋ» ብላ በር ዘጋችባት። እንዲያም ሆኖ በ1971 ሃርለም የሚገኘው ስቱዲዮ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻቸው አሳየ።

ህትመት መምረጧ ራሱ አቋም ነው፤ ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂ ይወጣል፣ ምስሉም የአንድ ባለጸጋ ሳሎን ጌጥ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚያ የሚበልጠው ግን የእጇ ጥንቃቄ ነው። ምስሉ ላይ መፈክር የለም፣ የተነሳ ጡጫም የለም። በባለመሬቱ መዝገብ የዕዳ ቁጥር ብቻ የነበረችውን ሴት ካትሌት መስመር በመስመር፣ ሳትቸኩል፣ ሰው አድርጋ አቆመቻት። ፊቱ በግዴለሽነት ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ ሙግቱም አብሮ በፈረሰ ነበር።