«ጎማ ማስተካከል» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

በጋራዦቻችን «አላይመንት» እየተባለ የሚጠራው ሥራ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «ጎማ ማስተካከል» ይባላል። ስያሜው ለጆሮ የማይከብድ፣ ከሕዝብ አነጋገርም ያልራቀ ነው። ከነገሩ ጋር ሲተያይ ግን ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ከፍታው በተጨመረ ፒክ አፕ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱን ማሳየትና በምትኩ የሚሻለውን ማመልከት ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚያመራ አሽከርካሪ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ገጠር ሲያቀና ድንጋይና ቦይ ያጋጥመዋል። የመኪናው ሆድ እንዳይመታም በሞላው ላይ ማስረዘሚያ ያስገባል፤ ወይም ባሌስትራ ያስጨምራል። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ጎማው ሳይሆን ጎማውን የያዘው አካል አቀማመጥ ነው። የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት መኪና፣ ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በወጣውና «ቪጎ» በሚባለው ሂሉክስ፣ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይናጋሉ። አንደኛው፣ ከፊት ሲታይ፣ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዝመሙ ነው፤ ባለሙያዎች ካምበር ይሉታል። ሁለተኛው፣ ከጎን ሲታይ፣ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው፤ ይህ ካስተር ይባላል። ሦስተኛው፣ ከላይ ሲታይ፣ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዞች ከኋላ ጠርዞቻቸው ይልቅ መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው፤ ይህም ቶ ይባላል።

ካምበር ከልኩ ሲያልፍ ጎማው በአንድ ጠርዙ ይበላል፤ ቶ ሲዛባም የጎማው ፊት እንደ ሞረድ ይሻክራል። ካስተር ሲቀንስ ግን በጎማው ላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት ላይታይ ይችላል። መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ይለግማል፤ መኪናው በቀጥተኛ መንገድ ላይ ይዋልላል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ አሽከርካሪው ያለማቋረጥ ማረም ይኖርበታል። መኪና ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ይኸው ካስተር ነው። እንግዲህ «ጎማህ ተስተካክሏል» የተባለ ባለመኪና ጎማውን ያያል፤ አለመበላቱን ያረጋግጣል፤ ተሳፋሪ ጭኖም ጉዞውን ይቀጥላል። ስያሜው ዐይኑን ከአደጋው መልሶ ወደ ጎማው መራው ማለት ነው። የትርጉም ስሕተት ከወረቀት አልፎ በሰው ሕይወት ላይ የሚደርሰው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

በምትኩ ሊቀርቡ የሚችሉ ሌሎች ቃላትም ከነቀፌታ አያመልጡም። «አሰላለፍ» ሠራዊትን ወይም የኳስ ተጫዋቾችን የሚያሳስብ ነው፤ በተርታ መቆምን ይናገራል እንጂ ስለ መዝመምና ስለ ማዘንበል የሚነግረን የለም። «ትይዩ ማድረግ» ለቶ ቀረብ ይላል፤ ይሁን እንጂ በብዙ መኪናዎች የፊት ጠርዞቹ በጥቂቱ እንዲቀራረቡ ሆን ተብሎ ስለሚደረግ ፍጹም ትይዩነት ሁልጊዜ የሚፈለገው ልክ አይደለም። ከፊት ባሌስትራና ድፍን አክስል ያለው መኪና ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ካምበር በአክስሉ አሠራር የተወሰነ ነው፣ ካስተር በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ በማስገባት ይታረማል፣ ቶ የሚስተካከለው የመሪውን ማያያዣ ዘንግ በማሳጠር ወይም በማስረዘም ነው። አንድ ጥቅል ቃል ይህን ሁሉ ለይቶ ሊያዝዝ አይችልም።

አማርኛ ለሦስቱም ቃል አያጣም። «ቤቱ ዘመመ» ከምንለው ግሥ ለካምበር «የጎማ ዝማሜ» ይገኛል። ዝማሜ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በጋይንቱ የድጓ ጉባኤ ቤት በቤተ ልሔም የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያም ስም መቋሚያን ወዲያና ወዲህ ከማዝመም የመጣ ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጋጩም። ለካስተር «የመሪ ዘንግ ዝንባሌ» ይስማማል፤ ዝንባሌ ብቻውን የሐሳብ ማዘንበል ይመስላልና ገላጩ ሊቀር አይገባም። ለቶ በ«እጀ ጠባብ» አምሳል «ፊተ ጠባብ» እና «ፊተ ሰፊ» ማለት ይቻላል፤ የመዛባቱን አቅጣጫ ስሙ ራሱ ይናገራል። ንፋስ መውጫ የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ ያለ አስረጂ እንደሚረዳው፣ የሙያ ስያሜም ነገሩን በራሱ ቢያመለክት ይመረጣል።

«አላይመንት» የሚለውን ቃል ማባረር ግን አያስፈልግም። ጎማ፣ ሞላና ባሌስትራ ከጣልያንኛ ገብተው እንደ ተዋሐዱ ሁሉ እርሱም ለጠቅላላው ሥራ መጠሪያ ሆኖ ቢቀር ጉዳት የለውም። በመዝገበ ቃላት ሲገባ ሦስቱ ክፍሎች ከሥሩ ተለይተው፣ እያንዳንዱም ከፊት፣ ከጎን ወይም ከላይ የሚታይ መሆኑ ተገልጾ ሊፈታ ይገባል። «ጎማ ማስተካከል» ከተመዘገበም የዕለት ተዕለት አነጋገር መሆኑ ይጠቀስ። የጥገና መመሪያ የሚተረጉም ሰውም ሦስቱን ልኮች በአንድ ቃል ከመጠቅለል ተቆጥቦ ለየብቻ ይጻፋቸው።